2147483647 የማን ስልክ ነው?

ይህ ጽሑፍ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ በአንዱ ኮሙናል ውስጥ ያደረግኩት ንግግር ነው። አድማጮቹ የሰፈሩ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ነበሩ። ሲጻፍ ድግግሞሹን ቀንሻለሁ። የቀረው እንደተነገረው ነው።

እንደምን ዋላችሁ። በሩ ጋ የቆማችሁ ግቡ እንጂ፣ ከፊት ወንበር አለ። ማይክ የለንም፤ የኔ ድምፅ ደግሞ እንደምትሰሙት ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቁጥር ነው። ሰሌዳው ላይ ልጻፈው። 2147483647። ሁለት ቢሊዮን ከአንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን ምናምን። ፕራይም ቁጥር ነው። በአማርኛ ብቸኛ ቁጥር የሚሉት፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ ያለ ቀሪ የማያካፍለው ማለት ነው።

እኔና ይህ ቁጥር የተዋወቅነው በስልክ ነው። ቀልድ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላት መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። አንድ ቀን የሒሳብ ሠራተኛዋ ጠራችኝ። «ና እስቲ ይህን እይልኝ» አለች። ስክሪኑ ላይ የአባላት ዝርዝር አለ። ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ። ከመቶ በላይ ሰው ነው። የሁሉም ስልክ 2147483647 ይላል። «ይሄ ሁሉ ሰው በአንድ ስልክ ነው እንዴ የሚጠቀመው?» አለችኝ። ለካ ደውላበትም ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ስልክን እንደ ጽሑፍ ማስቀመጥ ሲገባኝ እንደ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ። በፊት በ09 ሲያስገቡ ዜሮዋ ትወድቅና 9 አሃዝ ይቀራል። እሱን ይችለዋል። በኋላ «ከ251 ጀምራችሁ መዝግቡ» ተባለና 12 አሃዝ ሆነ። ዳታቤዙ ደግሞ ከተወሰነ ልክ በላይ መያዝ አይችልም። ሲበዛበት ስህተት ነው ብሎ አይጮህም። የሚችለውን ትልቁን ቁጥር ጽፎ ዝም ይላል። ያ ትልቁ ቁጥር ይህ ነው።

ስልኮቹን ከወረቀት ላይ እንደገና ስንመዘግብ ሁለት ቀን ፈጀብን። ቁጥሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ማታ ማታ ካልኩሌተር ይዤ ማካፈል ጀመርኩ። ለ3 እምቢ። ለ7 እምቢ። ለ11፣ ለ13፣ ለ17 እምቢ። ያን ማታ የማላውቀው ነገር ነበር። ከ311 በታች ያለውን ሁሉ ባልሞክር ምንም አይቀርብኝም ነበር። ለምን እንደሆነ እንደርስበታለን።

መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት መጣ? ኮምፒውተሩ ለአንድ ቁጥር 32 አምፖል መድቧል እንበል። አንዱ አምፖል ቁጥሩ ፖዘቲቭ ነው ኔጌቲቭ ነው የሚለውን ይናገራል። 31 ይቀራሉ። የመጀመሪያው ሲበራ 1 ነው፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 4፣ አራተኛው 8፣ እያለ በእጥፍ ይሄዳል። 31ዱም ሲበሩ ድምሩ 2147483647 ይመጣል። ከዚያ በላይ አምፖል የለም።

(እዚህ ላይ መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩም አብሮ ጠፋ። ስለ አምፖል እያወራሁ ስለነበር ሁሉም ሳቀ። የቀረውን በጠመኔ ቀጠልን፤ እንደውም ተሻለ።)

እሺ፣ አምፖሉን እንተወው። በገንዘብ እንሂድ። የብሎካችን ጥበቃ ከኋላ ቆመዋል። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በርስዎ ምሳሌ ልስጥ። ጋሼ ለኮሚቴው እንዲህ አሉ እንበል፤ «ደሞዝ አልፈልግም። የመጀመሪያው ቀን 1 ሳንቲም ስጡኝ። በማግስቱ 2 ሳንቲም። ከዚያ 4። ከዚያ 8። በየቀኑ እጥፍ እያደረጋችሁ 31 ቀን ክፈሉኝ።» ኮሚቴው ደስ ብሎት ይፈርማል። በሳምንቱ ጋሼ የሰበሰቡት 1 ብር ከ27 ሳንቲም ነው። ኮሚቴው ይስቃል። በ31ኛው ቀን ድምሩ 2147483647 ሳንቲም ይሆናል። በብር ሲመነዘር 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ነው።

(ጋሼ «ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው?» አሉ።)

አሁን ደሞዙን በ30 ቀን እናቁመው። የኛ ወር 30 አይደል? ቀኖቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ እሰሯቸው። የመጀመሪያው ጥንድ 1 እና 2፣ ድምሩ 3። ቀጣዩ 4 እና 8፣ ድምሩ 12። ቀጣዩ 16 እና 32፣ ድምሩ 48። ሁሉም የ3 ብዜት ናቸው። ስለዚህ ጠቅላላ ድምሩ ለ3 ይካፈላል፣ ፕራይም መሆን አይችልም። ሦስት ሦስት ብታስሯቸው ደግሞ 7፣ ከዚያ 56፣ እያለ ሁሉም የ7 ብዜት ይሆናል። 30 ቀን ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአምስትም ስለሚታሰር በየአቅጣጫው ይፈርሳል።

31 ቀንስ? ሁለት ሁለት ስታስሩ አንድ ቀን ይተርፋል። ሦስት ሦስት ስታስሩም ይተርፋል። በምንም አይታሰርም፣ ምክንያቱም 31 ራሱ ፕራይም ነው። የቀኑ ብዛት ፕራይም ካልሆነ ድምሩ ፈጽሞ ፕራይም አይሆንም። ይህን ያዙልኝ።

ወደኋላ ግን አትመልሱት። የቀኑ ብዛት ፕራይም ስለሆነ ብቻ ድምሩ ፕራይም ነው ማለት አይደለም። 2 ቀን፣ 3። 3 ቀን፣ 7። 5 ቀን፣ ልክ እንደ ጳጉሜ፣ 31። 7 ቀን፣ 127። እስካሁን ሁሉም ፕራይም። ሰው እዚህ ሲደርስ ሕግ ያገኘ ይመስለዋል። 11 ቀን ግን 2047 ነው። እሱ 23 ሲባዛ በ89 ነው። አለቀ።

(ከፊት የተቀመጠ ልጅ በስልኩ አባዝቶ አረጋገጠልን።)

እንዲህ ተደምረው ፕራይም የሚሆኑት ቁጥሮች መርሴን ፕራይም ይባላሉ። መርሴን ፈረንሳዊ መነኩሴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1644 እስከ 257 ካሉት የቀን ብዛቶች ውስጥ የትኞቹ ፕራይም እንደሚሰጡ ዝርዝር አወጣ። 31ን በትክክል አስገብቷል። ግን 67ንና 257ን በስህተት አስገባ፣ 61ን፣ 89ንና 107ን ደግሞ ዘለለ። አምስት ስህተት መሆኑ ነው። እንዲያም ሆኖ ስሙ ቀረ። እኔ በአንድ የስልክ ስህተት ስንት ተሰደብኩ!

የ67 ቀኑ ድምር ላይ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ፈረንሳዊው ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1876 ቁጥሩ ፕራይም እንዳልሆነ አሳየ። ምንና ምን ተባዝተው እንደሚሰጡት ግን ማንም አላወቀም። ሌባ ገብቷል፣ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ኮል የሚባል አሜሪካዊ በሒሳብ ሊቃውንት ስብሰባ ላይ ተነሣ። አንድ ቃል ሳይናገር ሰሌዳው ላይ 2ን 67 ጊዜ አባዝቶ 1 ቀነሰ ይባላል፤ ይኼ ያው የ67 ቀኑ ድምር ነው። ከዚያ በሌላው ጎን 193707721ን በ761838257287 አባዛ። ሁለቱ ውጤት አንድ ሆነ፦ 147573952589676412927። ሳይናገር ተመልሶ ተቀመጠ፣ ቤቱም አጨበጨበ ነው የሚባለው። እኔ እንደምታዩት አንድ ሰዓት ለፈለፍኩ።

አሁን ወደኛ ቁጥር። ፕራይም መሆኑን ያረጋገጠው ኦይለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1772። እኛ ጋ ዘመነ መሳፍንት ገና መጀመሩ ነው። ኦይለር የስዊዝ የሒሳብ ሰው ነው፣ ኑሮው ግን ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ። በዚያን ጊዜ ዓይኖቹ ጠፍተዋል ማለት ይቻላል። ሒሳቡን የሚሠራው በጭንቅላቱ ነው።

በተራው መንገድ ቢሄድ ምን ያህል ሥራ ነበር? አንድ ቁጥር ፕራይም መሆኑን ለማወቅ እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ያሉ ፕራይሞችን መሞከር ይበቃል። የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት 46340 እና ትንሽ ነው። እስከዚያ ድረስ 4792 ፕራይሞች አሉ። ካልኩሌተር የለም፣ ዓይን የለም። ኦይለር ይህን ሁሉ አልሞከረም። ቁጥሩ ምን ዓይነት አካፋይ ሊኖረው እንደሚችል አስቀድሞ ጠየቀ።

ይህን በ23 ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም የንግግሬ ሁሉ ሆድ እሱ ነው። ከ1 ተነሡ። በየጊዜው እጥፍ አድርጉ። 23 ሲደርስ ወይም ሲያልፍ 23 ቀንሱለት። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ ቀጥሎ 32 ነው፤ 23 ሲቀነስ 9። ከዚያ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12፣ ቀጥሎ 24፤ 23 ሲቀነስ 1። ተመለስን! ስንት ናቸው? ቁጠሩ። 11። ይህ በአጋጣሚ አይደለም። 2047 ለ23 ስለሚካፈል፣ 11 ጊዜ እጥፍ ስናደርግ የምናገኘው 2048 ቀሪው 1 ነው። ክቡ እዚያ ላይ ይገጥማል። 11 ፕራይም ስለሆነ ደግሞ ከዚያ በፊት ሊገጥም አይችልም።

ክቡ ውስጥ ያልገቡ ቁጥሮች አሉ። ለምሳሌ 5። ከ5 ተነሡ። 5፣ 10፣ 20፣ 17፣ 11፣ 22፣ 21፣ 19፣ 15፣ 7፣ 14፣ ከዚያ 28 ሲቀነስ 23፣ 5። እነዚህም 11 ናቸው። ከ1 እስከ 22 ያሉት ሁሉ በሁለት ክብ ተከፍለው አለቁ። ግቢ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደሚዞሩ ልጆች። ከክብ ውጭ የቀረ የለም፣ ሁለቱም ክቦች እኩል ናቸው። ስለዚህ 22 የ11 ብዜት መሆን ነበረበት። 89ንም እዩት፤ አንድ ሲቀነስ 88፣ ስምንት ክብ በ11።

እንግዲህ 2147483647ን የሚያካፍል ፕራይም ቢኖር፣ ክቦቹ 31 31 ሰው የያዙ ይሆናሉ። ከዚያ ፕራይም ላይ 1 ሲቀነስ የ31 ብዜት ይመጣል ማለት ነው። ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ላይ 1 ሲቀነስ ለ2 የሚካፈል ስለሚሆን፣ የ62 ብዜት ነው። 7 ወጣ። 11 ወጣ። 13 ወጣ። እኔ ማታ ማታ የደከምኩባቸው ሁሉ ሳይሞከሩ ወጡ።

ኦይለር ሌላ ወንፊትም ነበረው። እሱን ለማስረዳት ሌላ ቅዳሜ ያስፈልገናል፣ ውጤቱን ብቻ ልንገራችሁ። አካፋዩ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት። ከዚያ ውጭ ያለው አይታይም። እስከ 46340 ድረስ እንዲህ ያለ ቁጥር ከ400 ያንሳል። ከነሱም ውስጥ ብዙዎቹ ራሳቸው ፕራይም ስላልሆኑ ይወድቃሉ።

እስቲ ከመጀመሪያው እንሞክር። 63፣ የ3 ብዜት ነው፣ ይውደቅ። 249፣ እሱም የ3። 311? ፕራይም ነው። የመጀመሪያው ዕጩ ይኼ ነው።

(አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወጥታ በጠመኔ አካፈለች። ካልኩሌተር አልቀበልም አለች። ሰሌዳው ሞላ። 6905092 ጊዜ ደርሶ 35 ቀረ። «አልተካፈለም» አለችና ጠመኔውን መለሰችልኝ።)

ከ311 ቀጥሎ የሚሞከረው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? 1303። በመሀል ያሉት ሁሉ ወይ በ3፣ ወይ በ5፣ ወይ በ7፣ በ13 ወይ በ17 ይወድቃሉ። 1303ን እኔ ቤት ሞክሬዋለሁ፤ 226 ይቀራል። እንዲህ እየዘለለ ነው ኦይለር እስከ 46340 የሄደው። ማንም ሳያካፍለው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ለ95 ዓመት ያህል ሰው ከሚያውቃቸው ፕራይሞች ትልቁ እሱ ሆኖ ቆየ፣ እስከ 1867 እ.ኤ.አ.። ከዚህ ፕራይም አንድ ፍጹም ቁጥርም ይወጣል። ፍጹም ቁጥር ማለት ከሱ የሚያንሱ አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን የሚሰጡት ነው። 6ን ውሰዱ፤ 1 እና 2 እና 3 ሲደመሩ 6። የኛ ቁጥር የሚሰጠው 2305843008139952128 ነው። ባርሎ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1811 ስለዚህ ሲጽፍ፣ ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር መቼም አይገኝም አለ። ምክንያቱም ጥቅም የሌለው ነገር ስለሆነ ማን ይለፋበታል ብሎ ነው። ሰውን አላወቀውም። ሉካስ በዚያው በ1876 ባለ 39 አሃዙን፣ የ127 ቀኑን ደሞዝ፣ ፕራይም ነው አለ። ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ የ136279841 ቀኑን አገኘ። 41,024,320 አሃዝ አለው። በአንድ ገጽ 3000 አሃዝ ብናትም ከ13 ሺህ ገጽ በላይ ይሆናል። እዚህ ኮሙናል ውስጥ መደርደሪያ አይበቃውም።

አንድ ነገር ላስተካክል፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ሲዛባ አያለሁ። ኮምፒውተሩ ይህን ቁጥር የመረጠው ፕራይም ስለሆነ አይደለም። ስለ ፕራይምነት ጉዳዩም አይደለም። አምፖል ስላለቀበት ብቻ ነው። ባለ 8 አምፖል ቢሆን ልኩ 127 ነው፣ ፕራይም። ባለ 16 ቢሆን 32767፣ ለ7 ይካፈላል። ባለ 32 የኛ፣ ፕራይም። ባለ 64 ደግሞ 63 አምፖል ይቀረዋል፤ 63 ሦስት ሦስት ይታሰራል፣ ስለዚህ ያም ለ7 ይካፈላል። ባለ 128 ቢሆን የሉካስ ቁጥር ይመጣል፣ ፕራይም። አንዴ አዎ፣ አንዴ አይደለም። ለኔ ይኼ ከማንኛውም ምስጢራዊ ወሬ ይበልጥ ያምራል።

ፕራይምነቱ የጠቀመበት ቦታ ግን አለ። ጌም ውስጥ ዳይስ ሲወረወር ኮምፒውተሩ ከየት ያመጣዋል? ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረ አንድ ዘዴ እንዲህ ነው። ቁጥር ያዝ። በ16807 አባዛው። ለ2147483647 አካፍል። ቀሪውን ውሰድ። ቀሪውን መልሰህ አባዛ። 16807 ማለት 7 አምስት ጊዜ ራሱን የተባዛ ነው። እንዲህ ሲዞር ከ1 እስከ 2147483646 ያሉትን ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ሳይደግም ይነካና ወደ መነሻው ይመለሳል። ያ ክብ፣ አንድ ትልቅ ክብ ብቻ ሆኖ ሁሉንም ይዟል። አካፋዩ ፕራይም ባይሆን ይህ አይቻልም ነበር። የይለፍ ቃል ግን በዚህ እንዳትሠሩ፤ ቀጣዩን መገመት በጣም ቀላል ነው።

ጥያቄ እንቀበል።

(መጀመሪያ እጃቸውን ያነሡት ከመስኮቱ ሥር የተቀመጡ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ይህ ቁጥር አንተን አታለለህ። እኛንስ?» አሉ።)

እማማ፣ ለርስዎም ቀጠሮ አለው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚያውቁት ሰከንድ በመቁጠር ነው። ቆጠራው የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ በኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። የቆዩት መሣሪያዎች የሚቆጥሩት በእነዚያው በ31 አምፖሎች ነው። 2147483647ኛው ሰከንድ መቼ እንደሚሞላ አስልቼዋለሁ። ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ።

(«ጥር 11?» አሉ። አዳራሹ ትንሽ አጉረመረመ።)

አዎ፣ የጥምቀት ዕለት። ካህናቱ ባሕረ ጥምቀቱ ጋ ናቸው። በቀጣዩ ሰከንድ 31ዱ አምፖሎች ይጠፉና ያ ብቻውን የተተወው የኔጌቲቭ አምፖል ይበራል። አዲሶቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ባለ 64 ስለሆኑ ችግር የለባቸውም፤ የእነሱ ቆጠራ ለ292 ቢሊዮን ዓመት ይበቃል። ያልተቀየረ አሮጌ መሣሪያ ካለ ግን ሰዓቱ ወደኋላ ይሄዳል። ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው ይላል። ዓፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው ማለት ነው። ይህ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ገና እርሻ ነው።

(እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔ ያኔ ታቦት አጅቤ ነው የምገኘው» አሉ። «ስልኬን ቤት እተዋለሁ።»)